የወደድነውና የተቀየምነው የፍቅር መጽሐፍ

(ማንኩሳ ውስጥ ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ከብቱን ለልጅ፣ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናችኋለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ስለ በርበሬ በሽታም አይደለም። እነዚህን ሌላ ቀን ሰምተናል፤ ወደፊትም እንሰማለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፍቅር መጽሐፍ ነው።

ሳቃችሁ አይደል? እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር። «ፍቅርና መጽሐፍ ምን አገናኘው? ፍቅርስ የወጣት ነገር አይደለም ወይ?» ብለን ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ከሳቅ አልፎ ወደ ቤታችን ገባ። እንዴት እንደገባ ልንነግራችሁ ነው የመጣነው።

1. ነገሩ እንዴት ተጀመረ

እንደምታውቁት እኛ ፊደል የቆጠርነው ካረጀን በኋላ ነው። ከመካከላችን አንዳንዱ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በፋኖስ ብርሃን «ሀ ሁ» ብሎ ነበር፤ ግን የሚያነበው አጥቶ ረሳው። ሌላው የተማረው በቅርቡ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ፊደል እንደ ማረሻ ነው። ካልሠሩበት ይዝጋል። ስለዚህ ተሰብስበን በሳምንት ሁለት ማታ ጮክ ብለን እናንብብ አልን። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፤ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ያነበብነው ስለ ጤናና ስለ እርሻ የተጻፉ ትንንሽ መጻሕፍትን ነው። ጠቃሚ ነበሩ። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ሁለተኛ ጊዜ አንብቡልን ያለ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከእኛ አንዱ ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወርዶ ሲመለስ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዞ መጣ። የዛሬ ዘመን የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ስሙን አንጠራውም፤ ብዙ ወንድምና እህት ያለው ዓይነት መጽሐፍ ስለሆነ አንዱን ለይቶ መውቀስ አይገባም። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የከተማ ወጣት የተሳሳተ ቁጥር ይደውላል። አንዲት ልጅ ታነሣለች። ይሳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይገናኛሉ። ከዚያ በአንድ ውሸት ምክንያት ይጣላሉ። በመጨረሻ እውነቱ ይወጣና ይጋባሉ።

ምን አለፋችሁ፣ በሦስት ማታ ጨረስነው! ሳቅን። ከዚያ በፊት አንዲት መስመር ለማንበብ ላብ ያጠምቀው የነበረው ወንድማችን እንኳ «ገጹን ልግለጠው፣ ልጅቷ ምን ልትለው ነው?» እያለ ሲሽቀዳደም ታየ። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሰው ወደፊት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሲጓጓ ፊደል መቁጠሩን ይረሳል፤ የሚያነበው ያን ጊዜ ነው።

ሲያልቅ ግን ክርክር ተነሣ።

አንድ አዛውንት፣ «ይህ የሥራ ፈት ወሬ ነው» አሉ። «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ማን ይሠራል? ልጁም ልጅቷም ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ። የሚበሉት እንጀራ ከየት መጣ? ማን አረሰው? ማን አረመው? እናትና አባት እንኳ የላቸውም፤ ከሰማይ የወረዱ ይመስላሉ።»

እውነታቸውን ነበር። ሁላችንም «ልክ ነው» አልን። ያን ጊዜ አንዲት እህታችን፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፣ እንዲህ አለች።

«እንጀራውስ ከየትም ይምጣ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ልጅቷ ‹እምቢ› ስትል ሁሉም ይሰማታል። እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ ‹እምቢ› ስል ማን ሰማኝ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ባሏም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ማንም መልስ አልሰጣትም። ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር በዚያ ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም።

በኋላ አዛውንቱ፣ «እንግዲያው ስለ ፍቅር ካነበባችሁ አይቀር የአገራችሁን መጽሐፍ ለምን አታነቡም? ስለ ማንኩሳ የተጻፈውን!» አሉ። እሳቸው ቀድሞ በሬዲዮ ሰምተውት ኖሯል።

2. ማንኩሳ በመጽሐፍ ውስጥ

መጽሐፉ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይባላል። የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ሀዲስ የጎጃም ሰው ናቸው፤ በ1902 ዓ.ም. ነው የተወለዱት። በልጅነታቸው እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። በኋላም አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩ፤ ወደ ጣሊያን አገር ተወስደው ዓመታት ታስረዋል። ከነፃነት በኋላ በውጭ አገር የኢትዮጵያ ተጠሪ ሆነው ሠሩ፤ የትምህርት ሚኒስትርም ሆነው ነበር። ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው።

ይህ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። መጀመሪያ ስናየው ደነገጥን። «ይህን ስንጨርስ ስንት ክረምት ይሆነናል?» ያለም ነበር። ነገር ግን ብዙ የኢትዮጵያ ሰው መጽሐፉን ያወቀው በዓይኑ አይደለም፤ በጆሮው ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ላይ እያነበበ አሰምቶታል። አዛውንታችን የሰሙት ያን ነው። «ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት እንሰበሰብ ነበር። የወጋየሁ ድምፅ ሲለወጥ ፊታውራሪው የተናገሩ፣ መልሶ ሲለወጥ ደግሞ ልጅቷ የተናገረች ይመስለን ነበር» ብለው ነገሩን። ዛሬ ግን እኛው ራሳችን እናነበዋለን። ድምፃችን የወጋየሁን ባያህልም ዓይኑ የእኛ ነው።

መጽሐፉን ገልጠን ገና ሲጀምር «ማንኩሳ» የሚል ቃል ስናገኝ ምን እንደተሰማን እንንገራችሁ? አንባቢው ቆመ። በጣቱ ነካው። እንደገና አነበበው። የመንደራችን ስም በግብር ደረሰኝ ላይ፣ በስብሰባ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይተን እናውቃለን። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ፣ ሰው የሚስቅባትና የሚያለቅስባት አገር ሆና ስናያት ግን የመጀመሪያችን ነው።

3. የሳቅንበት

መጽሐፉ የሚጀምረው በሁለት የማንኩሳ ሰዎች ነው፤ በውድነሽ በጣሙና በቦጋለ መብራቱ። ውድነሽ ርስት ያላት ሴት ናት፤ ትዳር ግን አልቀናትም። የአገሩ ሰው ስለ ዕድሏ ብዙ ያወራል። ቦጋለ ደግሞ ድኃ ሰው ነው። የሀብታሟና የድኃው ነገር እንዲህና እንዲያ እያለ ወደ ትዳር ሲደርስ የሚያስቅም፣ ደስ የሚያሰኝም ነው። እነዚህ ሰዎች በፍቅር አይሞቱም። በፍቅር ይኖራሉ። ቤት ይሠራሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ።

እዚህ ላይ ሴቶቹ ነገሩን ከዛሬ ጋር አስተያዩት። ውድነሽ በራሷ ስም ርስት ስለነበራት ቃሏ ይሰማ ነበር። ዛሬ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፤ ፎቶግራፋቸውም አብሮ ይለጠፋል። ከመካከላችን አንዷ ደብተሩን ይዛ መጥታ የራሷን ስም ፊደል በፊደል አነበበችልን። «ለካ እኔም ውድነሽ ነኝ!» አለች። ሳቅን።

ፊታውራሪ መሸሻም አስቀውናል። ፊታውራሪ መሸሻ ትልቅ ባላባት ናቸው፤ በዘራቸው እጅግ ይኮራሉ። ከገበሬዎቻቸው ጋር በግብር ምክንያት ሲጣሉ፣ ጦር አስከትተው የገዛ ገበሬዎቻቸውን ሊወጉ ዘመቱ። ገበሬዎቹም አበጀ በለው በሚባል ጎበዝ እየተመሩ ጠብቀው ማረኳቸው! ይህ ሲነበብ አንድ ወንድማችን ከመደቡ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የተወለዱት ልጆች ግን፣ «ገበሬው ለምን ለፊታውራሪው ይገብራል?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ትተው ያዩትን ይነግሯቸው ጀመር። አንድ የፍቅር መጽሐፍ ይህንንም ያስነሣል።

ቋንቋውም የእኛው ነው። የሽማግሌ ምርቃቱ፣ የባልቴት ሐሜቱ፣ የደብተራው ሽሙጥ፣ ሁሉም ከዚሁ ከጎጃም ምድር የተለቀመ ነው። በዚህ ደስ ብሎናል።

4. የተቀየምንበት

አሁን ደግሞ ቅያሜያችንን እንናገር። መጽሐፍን የሚወድ ሰው ቅያሜውንም ይናገራል፤ ወዳጅን እንደሚወቅሱት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቅያሜያችን ይህ ነው። ደራሲው ከማንኩሳ ቶሎ ይወጣል። ውድነሽንና ቦጋለን ገና ለመድናቸው ስንል ታሪኩ ልጃቸውን በዛብህን ተከትሎ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ይሄዳል። በዛብህ ተምሮ የቅኔ ሰው ይሆናል። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ፊታውራሪው ቤት ይገባል። ዋናው ፍቅር የሚጀምረው እዚያ ነው፤ በባላባት ልጅና በተማረ ሰው መካከል። እኛ ደግሞ፣ «የሚያርስና የምታርም ሰው ፍቅር ለመጀመሪያው ብቻ ነው ወይ? መጽሐፉን ሙሉ ቢይዘው ምን ነበር?» አልን።

ይሁን እንጂ በዚህ ውስጥ አንድ ደስ ያሰኘን ነገር አለ። በዛብህና ሰብለ የተዋደዱት በትምህርት ነው። እሱ ያስተምራል፣ እሷ ትማራለች። እኛም ጎልማሳ ሆነን ፊደል የቆጠርን ሰዎች ስለሆንን ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ሰው ያስተማረውን ሰው አይረሳም።

ሁለተኛው ቅያሜያችን ይበረታል። ለምን ሞቱ? በዛብህ በሕፃንነቱ ታሞ ስለነበር፣ ወላጆቹ ሳያገባ በምንኩስና እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተስለው ነበር። ሰብለን ደግሞ አባቷ «የዘር እኩያዋ አልተገኘም» እያሉ የመጣውን ሁሉ ሲመልሱባት ዕድሜዋ እያለፈ ነበር። ሁለቱ ሲዋደዱ የሚኖሩበት ቦታ አጡ። በዛብህ ሸሽቶ አዲስ አበባ ገባ። ሰብለ መነኩሴ መስላ ፍለጋ ወጣች። ስታገኘው ግን በመንገድ ወንበዴዎች አቁስለውት ሊሞት ደርሶ ነበር።

ይህን ያነበብንበትን ማታ አንረሳውም። አንባቢው ድምፁ ተቆረጠ። መጽሐፉን ለሚቀጥለው ሰጠው፤ እሱም ተቆረጠ። በመጨረሻ አንድ የትምህርት ቤት ልጅ ጨረሰልን።

በማግስቱ ተናደድን። አንዷ፣ «ፍቅር ማለት መሞት ነው ወይ? ይህን የሰማ ልጅ ያልሞተ አልወደደም ሊል ነው» አለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወጣቶች በፍቅር ምክንያት ራሳቸውን ሲጎዱ እንሰማለን። መጽሐፍ መከራን ሲያሳምር መጠንቀቅ ይገባል። እኛ ከሁለቱ ፍቅሮች የምንመርጠው የቦጋለንና የውድነሽን ነው፤ የሚኖረውን።

ሌላው ወንድማችን ግን እንዲህ ሲል መለሰ። «ቢጋቡና ሠርግ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ እንረሳው ነበር። ያን ቀጭን መጽሐፍ አስታውሱ። ሳቅን፣ ደስ አለን፤ የልጅቷን ስም ግን ዛሬ የሚያስታውስ አለ?» ማንም አላስታወሰም። የሰብለን ስም ግን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። የሚያስቀው መጽሐፍ ደስ አሰኝቶን ሄደ፤ የሚያስለቅሰው አስቆጥቶን ቀረ። የትኛው ይሻላል ብትሉን፣ እውነቱን ለመናገር ዛሬም አልተስማማንም።

5. ነገሩ ወደ ቤታችን ሲገባ

አሁን የምንነግራችሁ በመካከላችን የደረሰ ነገር ነው። ባለቤቶቹ «ንገሩት፣ ስማችንን ግን አትጥሩ» ብለውናል።

«እኔን ማን ሰማኝ?» ያለችውን እህታችንን ታስታውሳላችሁ። ይህች እህታችን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ለዚህች ልጅ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ጠያቂዎቹ መጥፎ ሰዎች አይደሉም። መሬታቸው ከእነሱ ጋር ይዋሰናል። አባትየው አንድ በሬ ብቻ ስላለው ከእነሱ በሬ ጋር በመቀናጆ ነው የሚያርሰው። እሱም ቃል ሰጥቶ ነበር። ልጅቷን የጠየቃት የለም።

ስለ ሰብለ አባት የተነበበ ዕለት ይህ አባት ከሁሉም ይበልጥ ሳቀ። «ዘር ሲቆጥሩ ልጃቸው አረጀችባቸው! እኔ እንዲህ ሞኝ አይደለሁም፤ በጊዜ ነው የምድረው» አለ። በሌላ ማታ ግን የበዛብህን ስለት እንደገና ስናነሣ ዝም አለ። ቆይቶም እንዲህ አለ። «አንዱ አባት ልጁን አላጋባም አለ፤ ሌላው አባት ልጁ እንዳያገባ ተሳለ። ሁለቱም ልጃቸውን ይወዳሉ። ሁለቱም አልጠየቁም።» ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ባልና ሚስት ምን እንደተባባሉ አናውቅም። በሳምንቱ ግን ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ «ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ፤ ከዚያ በኋላ እሷ ትናገር» አላቸው።

ይህ በነፃ የተገኘ አይደለም። ጠያቂዎቹ ተቀየሙ። «ቃል አጠፈ» ተባለ። የመቀናጆው በሬ ቀረ። ያን ክረምት ከእኛ አንዱ በሬውን ለሦስት ቀን ሰጠው፤ ሌላው በጉልበቱ ረዳው። ይሁን እንጂ ዳጉሳው ዘግይቶ ተዘራ፤ ምርቱም አነሰ። ሁለቱ ቤቶች ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ እጅ አይነሣሡም። ልጅቷ ግን ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። አንዳንድ ማታ እየመጣች የምታነብልን እሷ ናት።

ይህን ሁሉ መጽሐፉ ብቻውን አደረገው አንልም። ሕግም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በአሥራ አምስት ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለሴትም ለወንድም አሥራ ስምንት ዓመት አደረገው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ ይላል። ተጋቢዎቹ ራሳቸው ፈቅደው መሆን እንዳለበትም ሕጉ ያዛል። ይህን ሕግ ሁላችንም በስብሰባ ሰምተነው ነበር። ያ አባትም ሰምቶታል። በስብሰባ የሰማነውን እጃችንን አጨብጭበን ጥለነው ወጣን። በመጽሐፍ ያነበብነው ግን ተከትሎን ቤት ገባ። ልዩነቱ ይህ ነው።

አዛውንታችን ግን አንድ ሥጋት ነበራቸው፤ ሥጋታቸውን አንንቅም። «ልጆቻችን ይህን አንብበው እንደ ሰብለ ቤት ጥለው ቢጠፉስ?» ብለው ጠየቁ። ብዙ ተነጋገርንበት። በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው። ሰብለ የጠፋችው መጽሐፍ ስላነበበች አይደለም። በአባቷ ቤት የልቧን የምትናገርበት ሰው ስላጣች ነው። እውነቱን ይናገር የነበረው ዘመዳቸው ካሳ ዳምጤ ነበር፤ እሱን ግን «ጉዱ ካሳ» ብለው እንደ እብድ ቆጠሩት። ልጅ የሚጠፋው ከሚሰማው ቤት አይደለም፤ ከማይሰማው ቤት ነው።

6. የፍቅር መጽሐፍ እንዴት ይነበብ?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርን? የተማርነውን በአጭሩ እንናገር።

አንደኛ፣ መጽሐፍን መውደድና መጽሐፍን መውቀስ አብረው ይሄዳሉ። ቀድሞ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለን ነበር። ፊደል የማያውቅ ሰው ወረቀት ይፈራል። ዛሬ ግን፣ «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ልክ አይደለም፣ ይህ ደግሞ ጎድሎታል» እንላለን። ማንበብ ማለት ይህ ይመስለናል።

ሁለተኛ፣ ቀላል የፍቅር መጽሐፍ አይናቅ። በአውድማ ላይ ስንወቃ ፍሬና ገለባ ይለያል። ፍሬው ወደ ጎተራ ይገባል። ገለባውንስ እንጥለዋለን ወይ? አንጥለውም። ለከብት ይሆናል፣ ለጭቃ ይሆናል። ያ ቀጭን መጽሐፍ ጉጉት ሰጠን፣ ሳቅ ሰጠን፣ የአንዲትን እናት አፍ አስከፈተ። እሱ ባይመጣ ትልቁን መጽሐፍ አናነሣውም ነበር። ነገር ግን በገለባ ብቻ የሚኖር ሰው የለም።

ሦስተኛ፣ የፍቅር ታሪክ ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንጀራውን ማን ያመጣል? «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚለው ማን ነው፤ ቃሉስ ይሰማል ወይ? ከሠርጉ ወይም ከሞቱ ማግስት ምን ይሆናል? እነዚህን የጠየቀ ሰው በቀላል መጽሐፍ አይታለልም፤ በከባድም አይደነግጥም።

አራተኛ፣ አንድ ምኞት አለን። ሀዲስ ዓለማየሁ የጻፉት ከጣሊያን ወረራ በፊት ስለነበረው የባላባት ዘመን ነው። ያ ዘመን አልፏል። ስለ ዛሬው የገጠር ሰው ፍቅር፣ ቀለል ብሎ፣ እያሳቀ፣ ግን እንጀራውንና በሬውን ሳይረሳ የሚጽፍ ሰው እንፈልጋለን። ሁለት ሰዎች በርበሬ ሲለቅሙ ቢዋደዱ ምን ይሆናል? ልጅቷ ትምህርቴን ልጨርስ ብትል፣ ልጁ ይጠብቃታል ወይ? ይህን የሚጽፈው ምናልባት ዛሬ ከዚህ ቤት ከተቀመጡት ልጆች አንዱ ይሆናል። ቦጋለንና ውድነሽን ማንኩሳ ላይ ያገናኘ መጽሐፍ አለን። ሁለተኛው ይቀራል።

ውድ ወገኖቻችን፣

ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። መጽሐፉ እኛ ዘንድ አለ። መጨረሻው ስላሳዘነን ዳግመኛ አናነበውም ብለን ነበር። ይኸው አሁን ከመጀመሪያው ልንጀምረው ነው። የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ። መደብ አለ፣ መብራት አለ፣ ቡናም አይጠፋም። እናትም አባትም ልጅም አብረው ይምጡ፤ በተለይ ልጆቻችሁን አምጧቸው። አንብበው ያሰሙን፤ ሲያነቡም ምን እንደሚያስቡ እንስማ።



ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንዲት እናት «እኔን ማን ሰማኝ?» ያለችው ለምንድን ነው? በመንደራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ታውቃላችሁ?

2. የቦጋለና የውድነሽ ፍቅር ከበዛብህና ከሰብለ ፍቅር በምን ይለያል? እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

3. አባትየው ቃሉን ማጠፉ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ጎረቤቱ እንዳይቀየም ምን ማድረግ ይችል ነበር?

4. የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ የሚፈቅደው ዕድሜ ስንት ነው? በየትኛው ዓመተ ምሕረት ወጣ?

5. ስለ መንደራችሁ ሰው ፍቅር አጭር ታሪክ ጻፉ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንጀራውን ማን እንደሚያመጣ አትርሱ።